ትዳር፣ ዘመድና ጎረቤት፦ የሰዎች ግንኙነትና የአእምሮ ጤና በዳባት አካባቢ

ጤናማ ግንኙነት የሚባለው ሁለት ሰዎች ያለ ፍርሃት የሚነጋገሩበት፣ አንዱ ሌላውን «አይሆንም» ለማለት የሚችልበት፣ ያጠፋ ይቅርታ የሚጠይቅበት ግንኙነት ነው። ጠብ መኖር አለመኖሩ መለኪያ አይሆንም። ባልና ሚስት በከብት ሽያጭ፣ ወንድማማቾች በወሰን፣ ጎረቤታሞች በውሃ ተራ ይጣላሉ፤ ሁለቱም የልባቸውን ተናግረው፣ ተኳርፈው፣ ከሰነበቱም በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመለሱ ከሆነ ጠቡ ብዙ አይጎዳም። ግንኙነቱ ጤና ማጣቱ የሚታወቀው አንደኛው ወገን የሌላውን ፊት እያየ መኖር ሲጀምር ነው፦ ባል ዛሬ እንዴት ሆኖ ይገባ ይሆን፣ አማት ምን ትል ይሆን፣ ታላቅ ወንድም ይቆጣ ይሆን እያሉ ቀኑን በስጋት መግፋት። እንዲህ ያለ ቤት ከውጭ ለሚያየው ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ፣ እንዲያውም የተከበረ ቤት ነው።

ፍርሃት ለአጭር ጊዜ የሚጠቅም የሰውነት ሥራ ነው። ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው ማታ ማታ በር ከፍቶ የሚገባ የቤት ሰው ከሆነ ግን ሰውነት የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አእምሮ ያንኑ ነገር እያነሳ ይጥላል። ይህ ወራት ሲያስቆጥር ድባቴና ጭንቀት ወደሚባሉት ሕመሞች ሊያደርስ ይችላል። የመልካም ግንኙነት ጥቅምም የዚያኑ ያህል በአካል ላይ ይታያል። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር፤ በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች ከ300,000 ይበልጣሉ። ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ትስስራቸው ከላላው በ50 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል።

ከድባቴ ጋር በተያያዘ እስካሁን የሚጠቀሰው አንጋፋ ጥናት የጆርጅ ብራውንና የቲሪል ሃሪስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ ወጥቷል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ካምበርዌል በተባለው የለንደን ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን ሲያጠኑ፣ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው መካከል አንዳንዶቹ ለምን በድባቴ እንደሚወድቁና ሌሎቹ ለምን እንደሚቋቋሙት ጠየቁ። አራት ነገሮች ጎልተው ወጡ፦ እናትን ከ11 ዓመት ዕድሜ በፊት ማጣት፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆችን ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልብን የሚያካፍሉት ባል ወይም የቅርብ ሰው ማጣት። ለንደንና ዳባት በብዙ ነገር ይለያያሉ። ዝርዝሩ ግን ለዳባት ገጠር እናቶች ባዕድ አይደለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነገር ለአብዛኞቹ የዘወትር ኑሮ ነው። ስለዚህም አራተኛው፣ የልብ ሰው መኖሩ፣ እዚህ ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት ይይዛል።

ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደባርቅና ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ቀድሞ የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን ቤት ለቤት የሚመዘግብበት የዳባት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1996 በመቋቋሙ ወረዳው በአገሪቱ በብዛት ከተጠኑት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሆኗል።

የዚህ አገር ሰው ብቻውን አይኖርም። እህሉ በደቦ ይታጨዳል፣ ለቀብሩ እድር አለው፣ በየወሩ የሚጠጣው ማኅበርና በሰንበት የሚገናኝበት ሰንበቴ አለው፤ የነፍስ አባቱ ቤቱን ያውቃል፣ ክርስትና ያነሳለት ሰው እንደ ዘመድ ይቆጠራል። ልቅሶ ሲደርስ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም፤ ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አድሮም ያስተዛዝናል። ዘመናዊው የሥነ ልቦና ሙያ «ማኅበራዊ ድጋፍ» የሚለው ነገር እዚህ ከነሙሉ ሥርዓቱ አለ። ይሁንና ሰውን ደግፎ የሚያቆመው ይኸው ትስስር ያስጨንቀዋልም። ሐሜት ከቤት ቤት ይሮጣል፤ ይሉኝታ አፍ ያስይዛል። በጎረቤት ቡና ላይ ስለ ልጅ ሳል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አማት ቁጣ ሳይቀር ይወራል። የባል ዱላ ግን ብዙውን ጊዜ አይወራም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልፈለጉም። ሰው በሞላበት መንደር ውስጥ ብቸኝነት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ትዳር ለአካባቢው ሴት ከሁሉ የሚበልጥ ግንኙነት ነው፤ የብዙዎቹ ችግርም ከአጀማመሩ ይነሳል። ከዚያው ጥናት እንደሚታየው በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከ1 ወር ገደማ ሳይሞላቸው አግብተዋል፤ አማራ ክልል ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ በመዳር ለረጅም ጊዜ ይታወቃል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ የምትገባው ባሏ ቤት ብቻ አይደለም። በአማት ትእዛዝ ሥር ትውላለች፤ ባሏ በዕድሜ ብዙ ይበልጣታል፤ እኩዮቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ ውሃ ትቀዳለች። አይሆንም ማለት ከቶ የማትችልበት ግንኙነት ውስጥ ገብታለችና፣ ክፉ ሰው ባይገጥማትም እንኳ ግንኙነቱ ሚዛን ያጣው ከመነሻው ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የጸደቀው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርገውታል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ዕድሜዋ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሆነን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ያገባ እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል።

ሕግ ብቻውን ሠርግ አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ ክልል በሞሰቦ ቀበሌ የተጀመረው «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ለልጃገረዶች የትምህርት መሣሪያ ከመስጠቱም በላይ ከእኩዮቻቸውና ከአንዲት ታላቅ ሴት ጋር የሚገናኙበትን ቡድን አቋቋመ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ቤተሰቦችም በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ከሆኑት ልጆች መካከል የሚዳሩት ቀነሱ። ከስጦታው ይልቅ የቡድኑ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ለብዙዎቹ ልጃገረዶች ከቤተሰብ ውጭ የመጀመሪያው ጓደኝነት ያ ነበር።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። በ1980ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከሚፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የሚለያዩትም በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሆነ አሳይቷል። ያለ ዕድሜ መዳርና ልጅ አለመውለድ ዋናዎቹ ምክንያቶች ነበሩ። «መካን» መባል በራሱ የሚያቆስል ነገር ነው፤ ልጅ ያጡት በባል በኩል በመጣ ምክንያት ሲሆንም ስሙ የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። በሌላ በኩል ፍቺ ሁልጊዜ ውድቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። ከዱላ የወጣች ሴት በድህነትም ውስጥ ሆና እንቅልፍ ማግኘቷ ትርፍ ነው።

የጉዳቱን ጥልቀት ከሚያሳዩት ሁሉ ፊስቱላ የከፋው ነው። ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ከጤና ተቋም ርቃ ለቀናት ስታምጥ ትቆስላለች፤ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ብዙ ጊዜ ባሏ ይተዋታል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከቡና ራሷን ታርቃለች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ፊስቱላ ካለባቸው ሴቶች 97 በመቶው የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል። ቁስሉ በቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ ከሐምሊን ፊስቱላ ማዕከላት ቅርቡ የባሕር ዳሩ ነው። መገለሉ ያስከተለው ሕመም ግን ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላም የራሱን እንክብካቤ ይፈልጋል።

በጎንደር ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከትዳር ጓደኛቸው ጥቃት ደርሶባቸው እንደሚያውቅ መዝግቧል። በ2008ቱ አገር አቀፍ ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው በባል የተፈጸመ አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት አጋጥሟቸዋል። የዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ይበልጥ ያስደነግጣል፦ ምግብ ማሳረርን ወይም ሳያስፈቅዱ ከቤት መውጣትን ከመሰሉ አምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ዱላውን ከመቺው ይልቅ ተመቺዋ ትክክል ነው ብላ ከተቀበለችው፣ ሐዘኗን እንደ በደል አትቆጥረውም፤ በራሷ ጥፋት የመጣ አድርጋ ትሸከመዋለች። ድባቴ የሚበረታበትም መንገድ ይህ ራስን መውቀስ ነው።

ከቡታጅራ የተገኘው መረጃ አንድ የተለመደ ግምት ያፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ወረዳ ባካሄደው ጥናት 71 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች በሕይወታቸው የባል አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር። ተመራማሪዎች ከድባቴ ጋር ያለውን ዝምድና ሲፈትሹ ዱላ ብቻ ሳይሆን ስድብ፣ ማዋረድና የባል ቁጥጥርም ከዱላ ያላነሰ ግንኙነት እንዳላቸው አገኙ። «አንድ ቀን እንኳ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም» የምትል ሚስትም በጠና ልትታመም ትችላለች ማለት ነው።

ቁጥጥር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ «ቡና እዚሁ ቤትሽ አፍዪ፣ የሰው ቤት ምን ያደርግልሻል» ይባላል፤ ተቆርቋሪነት ይመስላል። ከዚያ ገበያ የምትሄድበትና የምትመለስበት ሰዓት ይቆጠራል። የሸጠችው እንቁላልና ቅቤ ሒሳብ ይጠየቃል። ወንድሟ ሲመጣ ፊት ይነሳዋል፤ እናቷ ዘንድ ለበዓል መሄድ በልመና ይሆናል። ስልክ ካላት ማን እንደደወለ ይመረመራል። በመጨረሻ ቡናው ላይ አለመምጣቷን ጎረቤቶቿ ይለምዱታል፤ «ኮራች» ይሏታል። የልብን የሚያካፍሉት ሰው የሚጠፋው እንዲህ በአንድ በአንድ ነው።

የጎንደር አካባቢ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥቃይ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፦ በሰው ላይ ያድራል ለሚባለው መንፈስ፣ ለዛር፣ የሚደረግ ጉባኤ። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አየሁ በምትባል የታወቀች ባለዛር ቤት እየዋለ ሥርዓቱን መዝግቧል፤ ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስትም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያው ጎንደር አጥንቶ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ጉባኤ እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። ከታማሚዎቹ የሚበዙት ባለትዳር ሴቶች ነበሩ። ዛሩ በሴትዮዋ አፍ ልብስ ይጠይቃል፣ ሽቶና ቡና ይጠይቃል፣ ከሥራ ዕረፍት ይጠይቃል፤ ሚስቱን የማይሰማ ባል ዛሩን ይፈራና ይሰማል። ሴቲቱ ሌሎች ብጤዎቿ ባሉበት ጉባኤ ትገባለች፣ ብቸኝነቷ ይቀንሳል። ቤተ ክርስቲያን ድርጊቱን ታወግዛለች፤ ጉባኤው ደግሞ ሰውን ለወጪ ይዳርጋል፣ ለባለዛሩ ተገዥም ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ግን ዛር የባልን ጠባይ አይለውጥም፤ ሴቲቱ በገዛ አፏ ልትለው ያልቻለችውን በሌላ ስም እንድትለው ብቻ ያደርጋል።

ዛሬም ሐዘኑ በቀጥታ አይነገርም። ጤና ጣቢያ የምትመጣው ሴት «አዝኛለሁ» አትልም፤ «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ትላለች። የጨጓራና የራስ ምታት መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች፤ ከወር በኋላ በዚያው ሕመም ትመጣለች። ባል አብሮ ገብቶ ስለ እሷ የሚመልስ ከሆነ ባለሙያው ብቻዋን ሊያነጋግራት ይገባል። ይህን ለማድረግ መሣሪያም ተጨማሪ በጀትም አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ መሐል የሽምግልና ጉዳይ ረጋ ተብሎ መታየት አለበት። ሽማግሌ የአካባቢው ትልቅ ሀብት ነው። ለዚህ ከደም ማድረቅ የተሻለ ምስክር የለም። በሰው ግድያ የተነሳ ሁለት ቤተሰብ ደመኛ ሲሆን የሁለቱም ወገን ወንዶች በጎን መንገድ ይሄዳሉ፣ ገበያ ይቀራሉ፣ ማታ ውጭ አያመሹም፤ ልጆች የአባትን ቂም ይወርሳሉ። ይህ የፍርሃት ኑሮ ለዓመታት ሲዘልቅ ሁለቱንም ወገን ያሳምማል። ሽማግሌዎችና ካህናት ካሳ አስከፍለው፣ አስምለው፣ አንድ ማዕድ ሲያስቆርሱ የፍርሃቱ ምንጭ ይደርቃል። እርቁ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች ተመጣጣኝ ጉልበት ስላላቸውና እያንዳንዱ ከጀርባው ዘመድ ስላለው ነው።

በተደበደበች ሚስት ጉዳይ ግን ያ ሚዛን የለም። ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ዘንድ ትሄዳለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም የባል ወዳጆች። በባሏ ፊት «ይቅር በይው» ትባላለች፤ አባቷ ደግሞ ማጫውንና የሚበላ አፍ መጨመሩን ያስባል። ይቅር ብላ ትመለሳለች፤ ለጥቂት ሳምንት ሰላም ይሆናል፤ ከዚያ ዱላው ይቀጥላል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌኖር ዎከር እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ዙር በአገሯ ቤቶች ገልጻዋለች፦ ውጥረት ይጠራቀማል፣ ጥቃት ይፈጸማል፣ ይቅርታና ስጦታ ይመጣል፣ ደግሞ ውጥረት ይጀምራል። በዳባት እርቁ የዙሩ አንድ ክፍል ይሆናል፤ ባልየው ለመምታት ድፍረት የሚያገኘው ሽማግሌ እንደሚመልስለት ስለሚያውቅ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ ይናገራል፤ ስለዚህ ሽማግሌ የቤት ጉዳይ ነው ብሎ ሊሸፍነው አይገባም። የሚበጀው አሠራር ሴቲቱን ለብቻዋ፣ በሴት ሽማግሌ ፊት መጠየቅ፣ ለመመለስ ካልፈለገች ንብረቷን ተካፍላ እንድትለይ ማገዝ፣ ከተመለሰችም በዋስ ማስገባትና ከእርቁ በኋላ በየጊዜው እየሄዱ መጠየቅ ነው።

ወንዶችም የልብ ሰው በማጣት ይጎዳሉ፤ ሕመማቸው ሌላ መልክ ይይዛል እንጂ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ወጣት ወራት ከቤቱ ይርቃል፤ ዕዳ የያዘው አባወራ፣ መሬት የሌለው ልጅ ጭንቀቱን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይይዘዋል። ማልቀስ ያልተፈቀደለት ሰው አረቄ ይፈቀድለታል። አረቄው እንቅልፉን ያበላሻል፣ ቁጣውን ያወጣል፣ ቁጣውም ሚስትና ልጅ ላይ ያርፋል። ለወንድ ጤናማ ወዳጅነት ማለት ከጠላ ቤት ውጭ ሊያወራው የሚችል አንድ ሰው ማግኘት ነው።

ልጆች ጠብ አይገባቸውም የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ካናዳዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሜሪ አይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 ዩጋንዳ ሄዳ በካምፓላ አካባቢ ያሉ እናቶችና ሕፃናትን ስትመለከት፣ እናቱ ጩኸቱን ቶሎ የምትሰማለት ሕፃን የበለጠ ተረጋግቶ አካባቢውን እንደሚያስስ አስተዋለች። በአንቀልባ የሚታዘል፣ አያት የምታቅፈው የዳባት ሕፃን በዚህ በኩል የታደለ ነው። ችግሩ የሚመጣው እናት ራሷ በፍርሃት ስትኖር ነው፤ የተጨነቀች እናት ለልጇ የሚተርፍ ጉልበት አይኖራትም። ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከገጠር ቀበሌ ለ9ኛ ክፍል የመጡ ልጆች ዳባት ወይም ደባርቅ ከተማ ትንሽ ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤት በሚላክ ስንቅ ይኖራሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ያለ ታላቅ ሰው የሚያድሩ አሉ። ክፍል የሚጋራቸው ጓደኛ ቤተሰባቸው ይሆናል፤ መልካም ከሆነ ትምህርቱን ይገፉበታል፤ ካልሆነ፣ በተለይ ለልጃገረዶቹ፣ የቤት ኪራይ እከፍልልሻለሁ የሚል ትልቅ ሰው ይጠጋቸዋል።

የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቧል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል፤ ደባርቅ ከአዲ አርቃይና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉትን በትምህርት ቤቶች አስጠልላ ነበር። ከዳባት ከተማ አጠገብ ያለው የአለምዋች መጠለያ ደግሞ ኤርትራውያን ስደተኞችን ይዟል። ጦርነት ሰውን ከመግደል ሌላ ማጽናኛውንም ይነጥቃል፦ በወጉ ያልተቀበረ፣ ልቅሶው ያልተለቀሰለት ሟች ለቤተሰቡ ያልተዘጋ ሐዘን ይሆናል። ዘግይቶም ቢሆን ተዝካሩን ማውጣት፣ ተሰብስቦ ማልቀስ፣ ስለ ሟቹ መናገር ለብዙዎች የእፎይታ መጀመሪያ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ልብ ከከበደ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ካስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ሥራ ካቃተ፣ ሞት ከታሰበ ግን ሕክምና ያስፈልጋል። ሞትን የሚያነሳ ሰው ብቻውን አይተውም፤ በቤቱ ያለ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትም ከእጁ ይራቅ። የመጀመሪያው መግቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ጤና ጣቢያው ናቸው፤ ከበድ ያለው ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። ጥቃት ያለበት ጉዳይ ደግሞ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሊነገር ይገባል። የድባቴ መድኃኒት ጥቅሙ እስኪታይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲሻልም በሐኪም ምክር እንጂ በራስ ውሳኔ አይቆምም። ጠበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፤ ጠበል ገብቶ የሚጠመቅ ታማሚ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፣ አስጠማቂ ካህናትም ይህንን ለታማሚውና ለቤተሰቡ ቢነግሩ ብዙዎች ይድናሉ።